ልጅ የማን አደራ ነው?

የደቡብ አፍሪካው ፕሬዚዳንት ሲሪል ራማፖዛ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 2024 በተለምዶ «ቤላ» የሚባለውን የመሠረታዊ ትምህርት ሕጎች ማሻሻያ ሲፈርሙ፣ አገሩን ያናወጠው ጭቅጭቅ በአፍሪካንስ ቋንቋ በሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶችና በተማሪ አቀባበል ላይ ነበር። ከዚያ ጎን ድምፁ ዝቅ ያለ ሌላ ክርክርም ነበር። ልጁን ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ ለመንግሥት መልስ መስጠት አለበት ወይስ የለበትም የሚል።

ሕጉ ልጅን ቤት ማስተማርን አይከለክልም። ይህ መንገድ ከ1996ቱ የትምህርት ቤቶች ሕግ ጀምሮ በይፋ የታወቀ ነው። ማሻሻያው ያጠበቀው ቁጥጥሩን ነው። ልጁን ቤት የሚያስተምር ወላጅ በክፍለ ሀገሩ የትምህርት መምሪያ መመዝገብ፣ የልጁን ትምህርት በመዝገብ መያዝ፣ በየእርከኑ መጨረሻም ብቃት ባለው መዛኝ ማስመዘን አለበት። የግዴታ ትምህርት አሁን ከአንደኛ ክፍል በፊት ካለው «ግሬድ አር» ይጀምራል። ያለ በቂ ምክንያት ልጁን ከትምህርት የሚያስቀር ወላጅ በገንዘብ ወይም እስከ 12 ወር በሚደርስ እስራት ሊቀጣ ይችላል።

ተቃዋሚዎች ልጁ የወላጆቹ ነው፣ መንግሥት ጓዳ ድረስ ምን አስገባው ይላሉ። ደጋፊዎች ደግሞ ልጁ ዜጋ ነው፣ ከተዘጋ በር ጀርባ ምን እየተማረ እንደሆነ ማወቅ የመንግሥት ኃላፊነት ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ሳያውቁት የሚከራከሩት በባለቤትነት ነው። ልጁ ወይ የቤቱ ንብረት ነው፣ ወይ የአገሩ። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከባለቤትነት የተሻለ ቃል አለው። አደራ ይለዋል። ይህ ቃል ምን እንደሚያስገድድ ለማየት ግን መጀመሪያ ፍርሃቱን፣ ቀጥሎም ታሪኩን መመርመር ይበጃል።

ለጆሃንስበርግ ኢትዮጵያውያን ክርክሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ስሙ በይፋ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም አበሻው ዛሬም «ጄፒ» በሚለው ጎዳና ዙሪያ፣ ከፎቅ ፎቅ በተደረደሩ ትናንሽ ሱቆች ውስጥ ልብስ፣ ብርድ ልብስና መጋረጃ የሚሸጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጠዋት ከሌሎች ቀድመው ይከፍታሉ፣ ማታ ከሌሎች ዘግይተው ይዘጋሉ። ልጅ ትምህርት ቤት የመላክ ነገር ሲነሳ በልባቸው የሚመላለሰው ሥጋት በአንድ ስም የሚጠራ አይደለም።

አንደኛው የወረቀት ሥጋት ነው። የጥገኝነት ወረቀቱ ያልታደሰለት ወላጅ ልጁን ለማስመዝገብ ሲሄድ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ምን እንደሚለው አያውቅም። በዲሴምበር 2019 የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰነድ የሌላቸው ልጆች፣ የውጭ አገር ልጆችንም ጨምሮ፣ በዚህ ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከሉ እንደማይገባ ወስኗል። ሕገ መንግሥቱም የመሠረታዊ ትምህርትን መብት የሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ሰው ነው። ሆኖም በፍርድ ቤት ያሸነፈ መብት መስኮት ጋ ሲደርስ ሊያጥር እንደሚችል ስደተኛ ያውቃል። ሁለተኛው የስድብ ሥጋት ነው። «ክዌሬክዌሬ» የሚለው ቃል ከመንገድ ወደ ክፍል፣ ከአዋቂ አፍ ወደ ልጅ አፍ ይሻገራል። በ2008 ከስልሳ በላይ ሰዎች የተገደሉበት ጥቃት የተጀመረው በዚችው ከተማ፣ በአሌክሳንድራ ነበር። ሦስተኛው የትምህርቱ ደረጃ ነው። በ2021 በተደረገው ዓለም አቀፍ የንባብ ምዘና፣ ከአራተኛ ክፍል የደቡብ አፍሪካ ተማሪዎች 81 ከመቶ የሚሆኑት ያነበቡትን መረዳት እንደማይችሉ ታይቷል። አራተኛው የማይነገረው ሥጋት ነው። እናት በአማርኛ ወይም በሐዲይኛ ስትጠይቀው በእንግሊዝኛ ወይም በዙሉ የሚመልስ ልጅ፣ አንድ ቀን ጥያቄውንም መስማት ያቆማል የሚለው።

እንዲህ ያለ ወላጅ ልጁን ቤት ማስቀረት ቢያስብ እብድ አይባልም። የትምህርት ጥቅሎች ይሸጣሉ፣ ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል፣ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ውጭ ማትሪክን ወይም የካምብሪጅን ፈተና መውሰድ ይቻላል። ጥያቄው መቻሉ ላይ አይደለም፤ መገባቱ ላይ ነው።

ጆሃንስበርግና አካባቢዋ ይህን ጥያቄ ከዚህ በባሰ ጊዜ መልሳ ታውቃለች። የ1953ቱ የባንቱ ትምህርት ሕግ የጥቁር ልጆችን ትምህርት ከሚስዮን እጅ ወስዶ በሄንድሪክ ፈርቩርት ሥር ለነበረው የአገሬው ተወላጆች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሰጠ። ዓላማው ድብቅ አልነበረም። ልጁ የሚማረው ለጉልበት ሥራ እንዲበቃ ያህል ነበር። በኤፕሪል 1955 የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ጥሪ ሲያደርግ፣ በቤኖኒ፣ በብራክፓን፣ በጀርሚስተንና በአሌክሳንድራ በሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አወጡ። ትሬቨር ሃድልስተን የሚባሉት የአንግሊካን ቄስም በሮዘተንቪል የነበረውን፣ ኦሊቨር ታምቦ የተማሩበትንና ያስተማሩበትን የቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ለመንግሥት ከማስረከብ መዝጋትን መረጡ።

የወጡት ልጆች ግን እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አልተዘጋባቸውም። «የባህል ክበብ» ተብለው ተሰበሰቡ። ያልተመዘገበ ትምህርት ቤት መክፈት ወንጀል ስለነበር መምህሩ መምህር መባል አልቻለም፤ ትምህርቱም በዘፈን፣ በተረትና በጨዋታ መልክ ይሰጥ ነበር። ፖሊስ ይመጣል፣ ክበቡ ጨዋታ ይሆናል። ፖሊስ ይሄዳል፣ ጨዋታው ሒሳብ ይሆናል። የወላጆቹ እምቢታ ትክክል ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ልጃቸውን ያነሰ ፍጡር መሆኑን ሊያስተምር የተሠራ ነበርና። ሆኖም ዕዳውን የከፈሉት ወላጆቹ አልነበሩም። ፈርቩርት በተቆረጠው ቀን ያልተመለሱ ልጆች ዳግመኛ እንዳይገቡ አዘዘ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም በሩ ተዘጋባቸው። ክበቦቹ ገንዘብም ሰውም አጥሯቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰሙ። ወላጅ በመርህ ቆሞ ሲቀር፣ የሚያልፈው ዓመት የልጁ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ትምህርቱ ቀላል በሆነ ነበር። ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጁን 16 ቀን 1976፣ በሶዌቶ አፍሪካንስ የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ መጫኑን ተቃውመው የወጡት ተማሪዎች የዚያው የባንቱ ትምህርት ልጆች ነበሩ። ትሑት ሠራተኛ እንዲያመርት የተሠራው ክፍል ጥያቄ የሚጠይቅ ትውልድ አመረተ። ይህ የሆነው ሥርዓተ ትምህርቱ ጥሩ ስለነበር አይደለም። ልጆች አንድ ቦታ ተሰብስበው ስለተገናኙ፣ የአንዱ ቤት ቁጣ የሌላው ቤት ቁጣ መሆኑን ስላወቁ ነው። ትምህርት ቤት መንግሥት ያላቀደውን ነገር ያስተምራል። ወላጅ ያላቀደውንም ያስተምራል። የሚያስፈራውም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ቤት ማስቀረት ባህልን ያተርፋል የሚለው ተስፋም ከገዛ ባህሉ ጋር ይጋጫል። የኢትዮጵያ ነባር ትምህርት ልጅን ከቤት የሚያስወጣ ትምህርት ነበር። ፊደል ቆጥሮ ዳዊት የደገመ ልጅ ቅኔና ዜማ ሲሻ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ መንደር ይርቃል፤ በማያውቀው አገር እየለመነ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር ጎጆ ተጋርቶ ይማራል። በወሎም ደረሳው የታወቀ ሼኽ ወዳለበት ኪታቡን ይዞ ይጓዛል። አባት ልጁን ለየኔታ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ አደራ» ይል ነበር ይባላል። አባባሉ ስለ ዱላው ብዙ የሚናገር ነው፣ ያ ዱላ ዛሬ በደቡብ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች በሕግ የተከለከለ ነው፣ መከልከሉም ይገባል። ግን አባባሉ ሌላ እውነትም ይዟል። ወላጅ ብቻውን ልጁን ሊያበቃው እንደማይችል አምኖ፣ ልጁን ለሌላ ሰው አሳልፎ የሚሰጥበት ጊዜ እንዳለ ያውቅ ነበር።

በእርግጥ ቤት ድረስ መምህር የሚመጣላቸውም ነበሩ። ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ ሐረር ላይ አባ ሳሙኤልንና የጓዴሎፑን ሐኪም ዶክተር ቪታሊያንን መምህር አድርገውለት ነበር። ያም ሆኖ ልጁ በኋላ በ1908 በተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ገብቷል። መሳፍንቱ ያጡት መምህር አልነበረም፤ የሌላ ሰው ልጅ ግን ቤት ድረስ ተጠርቶ አይመጣም።

በሌላ በኩል «ቤት ትማር» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የተነገረው ለሴት ልጅ ነው። ትርጉሙም ባልትና ትማር፣ ፊደሉ ይቆይ ማለት ነበር። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1931 ሲከፈት ለብዙ ቤተሰቦች ሴት ልጅን ከደጅ ማውጣት ራሱ ነውር ነበር። በፍቅር የተዘጋ በርም የተዘጋ በር መሆኑን ከኢትዮጵያ ሴቶች በላይ የሚመሰክር የለም። ስለዚህ ዛሬ ጆሃንስበርግ ላይ አንድ ቤተሰብ ከልጆቹ አንዱን ቤት ሊያስቀር ሲወስን፣ የሚቀረው የትኛው ልጅ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። ወንዱ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ ሴቷ ታናናሾቿን እየጠበቀች ማታ ማታ መጽሐፍ የምትገልጥ ከሆነ፣ ነገሩ ስሙን ቢቀይርም የቤት ውስጥ ትምህርት አይደለም።

ቤት ውስጥ ማስተማር እስከ ጫፍ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ለማየት ከጆን ስቱዋርት ሚል የበለጠ ምሳሌ የለም። በ1806 ለንደን የተወለደው ሚል ትምህርት ቤት አልገባም። አባቱ ጄምስ ሚል ከሌሎች ልጆች ለይቶ ራሱ አስተማረው፤ በሦስት ዓመቱ ግሪክኛ፣ በስምንት ዓመቱ ላቲን ጀመረ። አእምሮው በዘመኑ ካሉት ሁሉ የሰላ ሆነ። በሃያ ዓመቱ ግን በከባድ ሐዘን ተመታ፤ ይኖርለት የነበረው ዓላማ ሁሉ የአባቱ እንጂ የራሱ አልመስልህ አለው። ይኸው ሰው በ1859 ስለ ነፃነት ሲጽፍ ያቀረበው ሐሳብ ለሁለቱም ወገን የሚመች አይደለም። መንግሥት ልጆች ሁሉ መማራቸውን ያስገድድ፣ በፈተናም ያረጋግጥ፣ ግን ትምህርቱን ሁሉ በአንድ እጁ አይጠቅልል ይላል። የደቡብ አፍሪካው ሕግ ምዝገባና ምዘና ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከሚል የጠለቀ ጥያቄ ያነሱት ግን አንድ አሜሪካዊ ዳኛ ናቸው። የዊስኮንሲን ግዛት አሚሽ የተባሉት የሃይማኖት ማኅበረሰብ ወላጆች ልጆቻቸውን ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት ባለመላካቸው ከሰሳቸው። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለወላጆቹ ፈረደ። ዳኛው ዊልያም ዳግላስ በከፊል ተለይተው፣ ስለ ልጆቹ ዕጣ ሲወሰን ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ነበረባቸው አሉ። ወላጅ ተናገረ፣ መንግሥት ተናገረ፣ የሚኖረው ሰው ግን አልተሰማም። የ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ለልጅ የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቅድሚያ ለወላጅ ይሰጣል። የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ የልጁ ሐሳብ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ እንዲሰማ ያዛል። ሁለቱ አይቃረኑም፤ ቅድሚያ ማግኘት ብቻውን መናገር አይደለም።

አደራ የሚለው ቃል ዋጋው እዚህ ላይ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ይጠብቃል እንጂ የራሱ አያደርገውም። ባለቤቱ ሲመጣ ይመልሳል። ሲጠየቅ ያሳያል፤ አሳይ መባሉንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። የልጅ አደራ ልዩ የሚያደርገው ባለቤቱ ገና አለመምጣቱ ነው። ባለቤቱ ራሱ ልጁ ነው፤ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አዋቂ ሆኖ ይመጣና ሕይወቴን ምን አድርጋችሁ ጠበቃችሁልኝ ይላል። በዚያ ቀን ወላጅም መንግሥትም ጠባቂ እንጂ ባለቤት እንዳልነበሩ ይታወቃል።

ከዚህ የሚከተለው ለቤት አስተማሪው ከባድ ነው። አደራ ጠባቂ «አትጠይቁኝ» ማለት አይችልም። መመዝገቡና መመዘኑ የሚያናድደው ወላጅ ስለ ቢሮው ዝርክርክነት፣ ስለ ቅጹ ብዛት፣ ስለ ስደተኛ መጉላላት ቢያማርር እውነት ሊኖረው ይችላል። በመርሁ ላይ ግን አይደለም። ልጅ የሚደበደብበት፣ የሚራብበት ወይም ያለ ትምህርት የሚያድግበት ቤት ከውጭ ሲታይ ጥሩ ቤት ይመስላል። የጥሩው ወላጅ መመርመር የመጥፎው ወላጅ ልጅ የሚድንበት መንገድ ነው። ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው።

ለመንግሥትም የቀለለ አይደለም። ከአሥር ልጆች ስምንቱ በአራተኛ ክፍል ያነበቡትን የማይረዱበት ሥርዓት፣ ወላጅን በእስር ሲያስፈራራ አደራ በላ ሆኖ ሌላውን አደራ በላ ማለቱ ነው። መዛኝ ወደ ቤት የሚልክ መንግሥት የራሱን ክፍል ለወላጅ ምዘና መክፈት አለበት። ለአንድ ልጅ የተማረበት ቦታ ስሙ ትምህርት ቤት መሆኑ ብቻ መልስ አይሆንም። የአካል ጉዳት ኖሮበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት ያጣ ልጅ፣ በየቀኑ እየተደበደበ ማንም ያልሰማለት ልጅ፣ ቤት ቢቀር ወላጁ አደራውን ጠበቀ እንጂ አልበላም። የ1955 ወላጆችም እንዲሁ።

መለያው እንግዲህ ቦታው አይደለም። እምቢ የተባለው ነገር ነው። ልጁን ዝቅ የሚያደርገውን ትምህርት እምቢ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ልጁን ከሌላው ልጅ እኩል የሚያስቀምጠውን ትምህርት እምቢ ማለት ሌላ ነው። ልጄ ይሰደባል ብሎ መፍራትና ልጄ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ይዞ ይመጣል ብሎ መፍራት በአንድ ልብ ውስጥ ተደባልቀው ይኖራሉ። የመጀመሪያው ፍርሃት ስለ ልጁ ነው። ሁለተኛው ስለ ወላጁ ነው። ለልጁ ሲባል ሁለቱን መለየት የወላጅ ሥራ ነው፣ ማንም ሕግ አይሠራለትም።

ለጄፒ ወላጅ ደግሞ አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። ልጅን ቤት ማስተማር የሚያስተምር ሰው ይፈልጋል። አባት ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ፣ እናትም ሱቅ ከሆኑ፣ ቤት የቀረው ልጅ የሚማረው ከስልክ ነው፣ ወይም ከባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ ዋጋ መከራከር ነው። ዋጋ መከራከርም ዕውቀት ነው፤ ግን እናቱ ባሕር ተሻግራ የመጣችለት ዕውቀት እሱ አይደለም። ሊያተርፉለት የፈለጉት ቋንቋም በዚህ አይተርፍም፤ ቋንቋ የሚተርፈው የሚያናግር ሰው ሲኖር ነውና። የብዙዎቹ ቤት ቋንቋ ሐዲይኛ ወይም ከምባትኛ፣ የቤተ ክርስቲያኑና የገበያው ቋንቋ አማርኛ፣ የክፍሉ ቋንቋ እንግሊዝኛ፣ የጓደኛው ቋንቋ ዙሉ በሆነበት ሕይወት ልጁ የሚያስፈልገው አንዱን በር መዝጋት አይደለም፤ በየበሩ የሚጠብቀው ሰው ነው።

ትምህርት ቤት የላከ ወላጅም ግን አልዳነም። «ልኬዋለሁ» ብሎ እጁን የታጠበ፣ ደብተሩን ገልጦ ያላየ፣ የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው ብሎ የቀረ፣ ልጁ የተሰደበበትን ቃል ሰምቶ «ተወው» ብቻ ያለ ወላጅ አደራውን ለሌላ አደራ ሰጥቶ ረስቶታል። ከተማዋ በ1955 ያሳየችው ሦስተኛ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው። የባህል ክበቦቹ የከሰሙት በትምህርት ቤት ፈንታ እንዲቆሙ ስለተገደዱ ነው። ዛሬ ማንም በፈንታ አይላቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት አሥር ልጆችን ሰብስቦ ፊደል የሚያስቆጥር፣ አገራቸውን የሚተርክ፣ የሰኞውን ሒሳብ የሚያስረዳ ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽም ይሁን በመስጊድ ወይም ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ሳይጣላ ትምህርት ቤቱ የማይሰጠውን ይሰጣል። ይህን ለማድረግ ወላጆች ተራ ገብተው በሳምንት አንድ ሱቅ ለግማሽ ቀን መዝጋት ይኖርባቸዋል። የጄፒ ነጋዴ ቅዳሜን መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የአደራው ዋጋ የሚለካውም በዚያ ነው።

ባለቤቱ ሲመጣ የሚጠይቀው ቤት ነበርኩ ወይስ ትምህርት ቤት ብሎ አይሆንም። ማን አነበበልኝ፣ ማን ሰማኝ፣ ከእናንተ ሌላ ማንን አስተዋወቃችሁኝ ብሎ ነው። መልሱ ያን ቀን አይዘጋጅም።